ማን ጀመረ?

ኦሊምፒክ ሲመጣ እኛ ቤት ሥርዓቱ የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲሁ ይታለፋል፤ ዋናተኛው ይዋኛል፣ ጂምናስቲከኛዋ ትገለባበጣለች፣ እኛ ቡናችንን እንጠጣለን። 10,000 ሜትር ሲደርስ ግን ቤቱ ይሞላል፣ ስልክ አይነሳም፣ ሕፃን አያለቅስም። እኔ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከዚህ ሥርዓት አፈንግጫለሁ። የእኔ ጉዳይ በዚያው በተናቀው ሳምንት ነው የሚያልቀው። የማየው ፌንሲንግ ነው፤ የሻሞላ ግጥሚያ።

«እነዚያ ነጭ ለብሰው፣ ወንፊት ፊታቸው ላይ ደፍተው የሚወጋጉት?» ይለኛል ወንድሜ። አዎ፣ እነሱ።

ወንድሜ ለንቀቱ ምክንያት አለው። መጋጠሚያው ርዝመቱ 14 ሜትር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ 14 ሜትር ላይ ገና ሰዓቱን ነክቶ አልጨረሰም። ወደ ኋላ ሸሽተህ ጫፉን በሁለት እግርህ ካለፍክ ባላጋራህ ነጥብ ያገኛል። እኔ በምጫወተው፣ ሳብር በሚሉት ዓይነት ደግሞ፣ ወደ ፊት ስትሄድ የኋላ እግርህን ከፊተኛው ማሳለፍ ክልክል ነው። መሸሽ ያስቀጣል፣ መሮጥ ያስቀጣል። «ታዲያ እዚያ የሐበሻ ልጅ ምን ይሠራል?» ይላል ወንድሜ። እውነቱን ነው።

እኔ የገባሁበት በልጄ ሰበብ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ወላጅ ልጁን ከእግር ኳስ አውጥቶ ሌላ ነገር ውስጥ የሚከትበት አንድ ሰሞን አለ። ለቅሶ ቤት ይሁን ክርስትና ላይ፣ አንዱ ጠጋ ብሎ «ፌንሲንግ የሚችል ልጅ ትልልቁን ዩኒቨርሲቲ ይገባል አሉ» ብሎ ሹክ ይላል። ማን እንዳለ አይታወቅም፤ አሉ ነው። ከዚያ ወላጅ ሁሉ መሣሪያ ገዢ ይሆናል። ጭንብሉ ለብቻ፣ ጓንቱ ለብቻ፣ ጃኬቱ ለብቻ፣ ከጃኬቱ በላይ የሚደረበው በብረት ክር የተሠራ ልብስ ለብቻ፣ መብራቱን የሚያበራው ገመድ ለብቻ ይሸጣል። ልጅ በስድስት ወር ያድጋል፤ ልብሱ አያድግም። ልጄ እስክትጨርስ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ሲሰለቸኝ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ከወጣ አይቀር ብዬ ለወላጆች የተከፈተው ክፍል ውስጥ ተመዘገብኩ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ «ቬተራን» ነው የሚባለው። ተኩስ ሰምቼ ሳላውቅ ቬተራን ሆንኩ።

አሁን ደንቡን ላስረዳ፤ ሳይረዱት ቀሪው አይጣፍጥም። መሣሪያው ሦስት ዓይነት ነው። በኤፔ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የትም ወጋ፣ ቀድሞ የወጋ ነጥቡን ያገኛል። ሁለቱም ከሰከንድ 25ኛ እጅ ባነሰ ልዩነት ከተወጋጉ ለሁለቱም ይቆጠራል፤ ክርክር የለም። በፎይል የሚቆጠረው ደረትና ጀርባው፣ ከትከሻ እስከ ብሽሽት ያለው ነው፤ የሚወጋውም በጫፍ ብቻ ነው። በሳብር ከወገብ በላይ ነው፤ መውጋትም መቁረጥም ይቻላል። በእነዚህ በሁለቱ፣ ሁለቱም መብራት አንድ ላይ ከበራ፣ ዳኛው ሁለቱን አቁሞ የሚመረምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን ጀመረ?

እዚህ ላይ ሲደረስ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጆሮው ይቆማል። ይህን ጥያቄ ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ደብረ ብርሃን እኔና ወንድሜ ስንደባደብ እማዬ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድቤት ብቅ ትልና ሌላ ምንም ሳትል «ማን ጀመረ?» ትላለች። «እሱ!» «እሱ ነው!» ምስክር ይጠራል፣ ጎረቤት ይመሰክራል፣ ጀማሪው ይቆነጠጣል። ሕጉ ግልጽ ነበር። በሳብር ግን ሕጉ ተገልብጦ ጠበቀኝ፤ የጀመረው ነው ነጥቡን የሚወስደው! ዕድሜ ልኬን «እኔ አልጀመርኩም» እያልኩ ያደግኩ ሰው፣ አሁን እጄን አንስቼ «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የጀመርኩት!» እያልኩ ዳኛ ፊት መጮህ አለብኝ። አሰልጣኛችን በሶቪየት ዘመን የተማሩ ሰው ናቸው፤ ከሜዳው ዳር ሆነው «ጀምር! ምን ትጠብቃለህ?» ይሉኛል። የምጠብቀውማ ባላጋራዬ እስኪመታኝ ነው። ሰውነቴ ንጹሕ ሆኖ መመታትን ለምዷል።

ከማልረሳቸው ግጥሚያዎቼ አንዱ ከአንድ የ12 ዓመት ልጅ ጋር የተደረገው ነው። ጥርሱ ላይ ሽቦ ያለው፣ ቁመቱ ደረቴ የማይደርስ፣ እጅግ ጨዋ ልጅ ነበር። በሥርዓቱ መሣሪያውን አንስቶ እጅ ነሳኝ፣ ጭንብሉን አጠለቀ፣ ከዚያ ጭንቅላቴን፣ ክንዴን፣ እንደገና ጭንቅላቴን መታኝ። አንዲት ነጥብ ሳልነካበት አለቀ። ጭንብሉን አውልቆ ጨበጠኝና «ጥሩ ተጫውተሃል፤ ግን ሁልጊዜ ትጠብቃለህ» ብሎ መከረኝ። ጋሼ አላለኝም እንጂ ሌላውን ክብር ሁሉ ሰጥቶኛል።

ሌላው ባላጋራዬ ግን ልጅ አይደሉም። ከ70 ዓመት ያለፋቸው፣ ጉልበታቸውን በፋሻ የሚያስሩ፣ ግራኝ የሆኑ ጡረተኛ ጠበቃ ናቸው። ግራኝ በዚህ ጨዋታ መከራ ነው፤ የለመድከው መከላከያ ሁሉ በተቃራኒው ይሆናል። ሰውዬውን አስፈሪ የሚያደርጋቸው ግን እጃቸው ሳይሆን ሙያቸው ነው። ሁለቱ መብራት ሲበራ፣ ዳኛው አፉን ሳይከፍት እሳቸው ጭንብላቸውን ገፍተው፣ ጡጫቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ፍርድ እንደተሰጠላቸው ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። ይህ ጥበብ ነው፤ ታላላቆቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ተወግተውም ይጮሃሉ፣ ስተውም ይጮሃሉ። ዳኛው ሰው ነውና አንዳንዴ ይሸነፋል። እኚህ ሽማግሌ አገራችን ቢወለዱ ኖሮ በበላ ልበልሃ ዘመን ስም ያወጡ ነበር፤ ኩታቸውን አደግድገው፣ በትራቸውን ባላጋራቸው ላይ ቀስረው፣ በማርና በፈረስ እየተወራረዱ፣ ነገሩን በግጥም ሲያወርዱት ይታየኛል።

ድሮማ ክርክሩ የባሰ ነበር። መብራት ሳይኖር አራት ታዛቢዎች በአራት ማዕዘን ቆመው «ነካው»፣ «አልነካውም» ይባባሉ ነበር። ኦሊምፒክ ላይ ኤፔ በኤሌክትሪክ መቆጠር የጀመረው በ1936 በርሊን ነው (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማወራው)፤ ፎይል በ1956፣ ሳብር ደግሞ በ1992 ብቻ። መብራቱ የመጣው ጭቅጭቁን ሊያጠፋ ነበር። ጭቅጭቁን አበራው እንጂ አላጠፋውም።

ሰው ደግሞ መብራቱንም ያታልላል። በ1976 ሞንትሪያል፣ በዘመናዊ ፔንታትሎን ውድድር፣ የሶቪየቱ ቦሪስ ኦኒሽቼንኮ ከእንግሊዞቹ ጋር ኤፔ ሲገጥም መብራቱ ይበራለት ጀመር። ከእንግሊዞቹ አንዱ ጂም ፎክስ ግን ወደ ኋላ ተስቦ አልፎታል፤ የመሣሪያው ጫፍ ልብሱን አልነካውም። መብራቱ ግን በርቷል። ፎክስ አቤት አለ፣ መሣሪያው ተፈተሸ፣ መያዣው ውስጥ የተደበቀ ማብሪያ ተገኘበት፤ ሲጫኑት ማንንም ሳይነኩ ነጥብ ያስቆጥራል። ሰውየው ጀማሪ አልነበረም፤ ከአራት ዓመት በፊት ሙኒክ ላይ የብር ሜዳሊያ የወሰደ ነው። ተባረረ፤ እንግሊዞቹ በቡድን ወርቁን ወሰዱ። እኔን የሚገርመኝ ሌብነቱ አይደለም። ያን የመሰለ ሽቦ ለማጠላለፍ ያጠፋውን ሌሊት ለልምምድ ቢያውለው ኖሮ እላለሁ።

ካየኋቸው ሁሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን የ2012ቱ የለንደን ግጥሚያ ነው። ኤፔ፣ የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ። በአንድ በኩል የደቡብ ኮሪያዋ ሺን ኤ ላም፣ በሌላው በኩል የቤጂንግ 2008 ባለወርቋ ጀርመናዊት ብሪታ ሃይደማን። 5 ለ5 ናቸው። ሰዓቱ ሲያልቅ እኩል ከሆኑ አንድ ደቂቃ ይጨመርና ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የደረሳት ምንም ነጥብ ሳይቆጠር ደቂቃው ካለቀ ታሸንፋለች። ዕጣው ለሺን ደርሷል። የቀረው አንድ ሰከንድ ነው። ዳኛዋ ታስጀምራለች፣ ይጋጫሉ፣ ሁለቱም ይወጋጋሉ፣ ሰዓቱን ስናይ ያው አንድ ሰከንድ። እንደገና ታስጀምራለች፣ ይወጋጋሉ፣ አሁንም አንድ ሰከንድ። ያቺ ሰከንድ የሐበሻ ቀጠሮ ሆነች፤ መጣሁ እያለች አልመጣ አለች። በመጨረሻ ሃይደማን ወጋቻት፣ 6 ለ5 ሆነ።

የኮሪያ አሰልጣኝ ይግባኝ አለ። ከመድረኩ የወረደ ደግሞ ውጤቱን እንደተቀበለ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ሺን እዚያው ቁጭ አለች። መሣሪያዋን አጠገቧ አድርጋ፣ በሺህ ከሚቆጠር ሰው ፊት፣ አንድ ሰዓት ያህል አለቀሰች። ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ወዲያው ለነሐስ ተጋጠሚ አሏት፤ ተጋጠመች፣ ተሸነፈች። ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ልዩ ሜዳሊያ እንስጥሽ ቢላት አልፈልግም አለች። እንዴት ደግ አደረገች! ከዚያ በዚያው ኦሊምፒክ ከጓደኞቿ ጋር በቡድን ብር ወሰደች። ይህን ለጠበቃው ስተርክላቸው እንባ ያቀርራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው የጠየቁኝ «ይግባኙ በጽሑፍ ነበር?» ብለው ነው።

ሪዮ 2016 ላይ ደግሞ ሁለት ነገር አይቻለሁ፤ አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የሚያስጮህ። የሚያስቀው፣ ፈረንሳዊው ኤንዞ ሌፎር ከጀርመኑ ፔተር ዮፒክ ጋር ፎይል እየገጠመ ሳለ ከኋላ ኪሱ ስልኩ ወጥቶ መድረኩ ላይ ዱብ ማለቱ ነው። ኦሊምፒክ ላይ፣ ስልክ! ምናልባት እናቱ «ደርሰሃል ወይ?» ልትለው ትደውል ይሆናል ብሎ ነው፤ እኔ እንደዚያ ነው የተረዳሁት። ግጥሚያውንም ተሸነፈ።

የሚያስጮኸው የኤፔው ፍጻሜ ነው። የ20 ዓመቱ ኮሪያዊ ፓክ ሳንግ ያንግ ከ41 ዓመቱ ሃንጋሪያዊ ጌዛ ኢምሬ ጋር። እኔ እንደ ዕድሜዬ ከኢምሬ ጋር ነበርኩ። ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በፊት 13 ለ9 ይመራል። ልጁ ዕረፍት ላይ ተቀምጦ ለራሱ «እችላለሁ፣ እችላለሁ» ሲል ካሜራው ያዘው። 14 ለ10 ሆነ፤ ጨዋታው 15 ላይ ያልቃል። በኤፔ ሁለቱም ከተወጋጉ ለሁለቱም ይቆጠራል ብያለሁ፤ ስለዚህ ኢምሬ ማሸነፍ እንኳ አያስፈልገውም፣ አብሮ መወጋት ይበቃዋል። ልጁ ሳይነካ አምስት ጊዜ በተከታታይ መንካት አለበት። ነካ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ 15 ለ14። የኢምሬ ነገር ከአንጀቴ አልወጣ አለ። ለራሴም ለጠበቃውም ማጽናኛ እንዲሆን አላዳር ጌሬቪች የተባለውን ሌላ ሃንጋሪያዊ አነሳለሁ፤ ከ1932 እስከ 1960 ድረስ በስድስት ኦሊምፒኮች በሳብር ቡድን ወርቅ ያገኘ ሰው ነው፤ በመካከሉ ሁለቱን ጦርነት በልቶበት። በመጨረሻው ጊዜ 50 ዓመቱ ነበር። አርጅተሃል ሲሉት የቡድኑን ልጆች አንድ በአንድ ጠርቶ ሁሉንም አሸነፋቸው ተብሎ ይተረካል።

ባለፈው የፓሪስ ኦሊምፒክ ጊዜ እማዬ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ሳሎን ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች የማየውን ታያለች። ግብፃዊቷ ናዳ ሐፌዝ በሳብር አሜሪካዊቷን ኤልሳቤጥ ታርታኮቭስኪን 15 ለ13 ስታሸንፍ አብረን አየን፤ ቀጥሎ በኮሪያዋ ጆን ሃ ያንግ 15 ለ7 ተሸነፈች። ማታ ላይ ልጄ ከስልኳ አንብባ «አያቴ፣ ሴትየዋ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች» አለቻት። እንዝርቱ ከእማዬ እጅ ወደቀ።

«ሰባት ወር? በስመ አብ! ገላጋይ የለም እንዴ?»

«ዳኛ ነበረ እኮ እማዬ።»

«ዳኛማ ያጋጥማል። ገላጋይ ነው የምልህ!»

ምንም ብነግራት ከዚያ ወዲህ ይህን ጨዋታ በሌላ ስም አልጠራችውም፤ «ያ ገላጋይ የሌለው» ነው የምትለው። አሜሪካዊው ፒተር ዌስትብሩክ ልጅ ሳለ እናቱ ፌንሲንግ እንዲማር በየልምምዱ 5 ዶላር ትሰጠው እንደነበርና እሱም በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ በሳብር ነሐስ እንዳገኘ ነገርኳት። «እኔ እንድትተው እከፍልሃለሁ» አለች፤ ከመቀነቷም ፈታች።

ቢሆንም ልትሄድ ስትል አንድ እሑድ አብራን ክለቡ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ከወላጆቹ ወንበር መሐል ቁጭ አለች። ያን ቀን እኔና ጠበቃው ነን። ዳኛችን ዳኝነት የሚለማመድ ጎረምሳ ነው። ደህና ጀምሬ ነበር፤ የእማዬ ዓይን ላዬ ላይ ስላለ ይሁን እንጃ፣ እንደ ሌላው ጊዜ አልጠበቅኩም። 14 ለ14 ደረስን። አንድ ነጥብ ቀረ። ሁለታችንም ተወረወርን፣ ሁለቱም መብራት በራ። ጎረምሳው አሰበ፣ እጆቹን አነሳ፣ «እኩል ነው፣ ይደገም» አለ።

ጠበቃው ጭንብላቸውን አወለቁ። «ተቃውሞ አለኝ» አሉ። ጎረምሳው ደነገጠ። ቪዲዮ የለንም፤ ታላላቆቹ ውድድሮች ላይ ነው ያለው። ጠበቃው ዙሪያውን ምስክር ፈልገው ዓይናቸው እማዬ ላይ ዐረፈ። «ክብርት እናት አይተዋል፤ ይጠየቁልኝ» አሉ። የተከሳሽ እናት ምስክር ስትሆን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ልጄ አስተረጎመች።

እማዬ አልቸኮለችም። ነጠላዋን አስተካከለች። እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች።

«ቀድመው እግራቸውን ያነሱት እሳቸው ናቸው» አለች። ጠበቃው ትርጉሙን ሲሰሙ ለምስጋና ጎንበስ አሉ። «አልጨረስኩም በያቸው። ይሄኛው ደግሞ ልቡ ቀድሞ ተነስቷል፤ ልጄ ነው፣ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱም ጥፋተኞች ናቸው። ይታረቁና ቤት መጥተው ይብሉ። ዶሮ ሠርቻለሁ።»

ታረቅን፤ መጡ። እማዬ እጅ አስታጠበቻቸው፣ ትሪው ቀረበ፣ ጠበቃውም እጃቸውን ዘረጉ፤ ግራ እጃቸውን። ልጄ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እማዬ አየን። እንግዳ ደግሞ አይገሠጽም። እማዬ ቀድማ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ሳያላምጡ ሌላ አስከተለች። ያን ምሽት ሁሉ፣ ያቺ ግራ እጅ ወደ ትሪው ልትነሳ ባለች ቁጥር ጉርሻ ቀድሟት ይገኛል፤ እንደዚያ ያለ መከላከል አሰልጣኛችን እንኳ አላስተማሩንም። ጠበቃው ፊታቸው በርበሬ መስሎ፣ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ አንድ ነገር ለልጄ አጉረመረሙ።

«ምን አሉ?» አለች እማዬ፣ ሌላውን እየጠቀለለች።

«እንቁላሉን እስክጨርስ ነው እንጂ፣ ያቺ ነጥብ የእኔ ናት አሉ።»